ሜዳው አለ፣ ሳይክሉም አለ፤ መንገዱ የት ገባ?

በጣና ዙሪያ የመንገድ፣ የትራንስፖርትና የቱሪዝም ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበታችሁ። እኛ ባህር ዳርና አካባቢዋ የምንኖር የሳይክል ተጓዦች ነን። ተወዳዳሪዎች አይደለንም። ማሊያ የለንም፤ ሰዓት የሚይዝልንም ሰው የለም። ቅዳሜ ወይም እሑድ በጠዋት ተጠራርተን እንወጣለን። ሜዳ ሜዳውን ቀስ ብለን እንነዳለን። ባማረን ቦታ እንቆማለን። ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን በሶ በጥብጠን ጠጥተን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ነርስ አለች፤ ጎሚስታ አለ፤ ተማሪዎችም አሉ። የሁላችንም ሳይክል ዋጋ ቢደመር አንድ አሮጌ ባጃጅ አይገዛም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ኅዳር ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ከአምስት በላይ ሆነው ከከተማ የሚወጡ ብስክሌተኞች ከሦስት ቀን በፊት የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው ይቅረቡ ይላል። ደብዳቤው ከማን ነው የሚጻፈው? ለማንስ ነው የሚቀርበው? አይልም። ማኅተሙ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚህ ጊዜ ስለ ሽርሽር መጻፍ ቅብጠት ሊመስል እንደሚችል አልጠፋንም። ጎጃም ምን ውስጥ እንደከረመ እናንተም እኛም እናውቃለን። ከከተማ ጨርሶ ያልወጣንባቸው ብዙ ወራት አሉ። ማንም ሳይነግረን ሳይክላችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ቤታችን ተቀምጠናል። ዛሬም ቢሆን «ወዲያ አትሂዱ» ስንባል እንመለሳለን። ፍተሻ ላይ ወርደን መታወቂያ እናሳያለን። ለጥንቃቄ የሚጠየቀውን ሁሉ ስናደርግ ኖረናል፤ ወደፊትም እናደርጋለን። የምንጽፈው ጥንቃቄው ሲያልፍም አብረው ስለማያልፉ ነገሮች ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ አገሩ ትንሽ እናውራ። ምክንያቱም ከናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን አገር በመኪና መስኮት ብቻ እንደምታዩት እንጠረጥራለን።

ጎጃም ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጮቄ ነው፤ የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ነው። ለሳይክል የሚሆን አገር አይመስልም። ከመርዓዊ ወዲህ ወደ ሐይቁ የሚዘረጋውን ሜዳ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም። ግልገል አባይ ሰከላ ላይ፣ ከግሽ አባይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ይነሳል። መጀመሪያ ይቸኩላል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይሰክናል። ወደ ጣና ሲቃረብ መሄዱንም ትጠራጠራላችሁ። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር ስንል ቆላ ማለታችን አይደለም። ወይና ደጋ ነው። ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል፤ ረፋድ ላይ ያስወልቃል።

ቆጋ ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የመስኖ ግድቡ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ውኃው በራሱ ጊዜ እየወረደ እንዲሄድ ቦዮቹ የተቀየሱት ዓይን በማያየው ቁልቁለት ነው። እንግዲህ ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ዳገት ከየት ያመጣል? ውኃ የተመቸው መንገድ ለሳይክልም ይመቸዋል። በበጋ፣ ሌላው አገር ገለባ በሆነበት ወር፣ እዚያ ስንዴው አረንጓዴ ነው። ሽንኩርቱ ከሩቅ ይሸታል። ልጆች «ሳይክል! ሳይክል!» እያሉ ቦዩን ይዘው ይሮጣሉ፤ አንዳንዱ በባዶ እግሩ ይቀድመናል።

መስከረም ላይ የኑጉ አበባ ያምራል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። መረሬ አፈር ጎማ ላይ ሲጠመጠም ሳይክሉን አንተ ትሸከመዋለህ እንጂ እሱ አይሸከምህም። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መሬቱ ይጠነክራል። ኅዳር ላይ ዳጉሳው ይታጨዳል። ከዚያ እስከ ሚያዝያ ድረስ ያለው ወቅት የኛ ነው።

አንድ ጊዜ ግልገል አባይ ዳር ቆመን ሳለ ውኃ ውስጥ በገመድ የታሰረ ጆንያ አየን። ከመካከላችን የአዲስ አበባ ልጅ የሆነው ክው አለ። ልብሳቸውን የሚያጥቡ እናት ሳቁበት። «ምነው ልጄ፣ ሬሳ መሰለህ እንዴ? ግብጦ ነው እኮ!» አሉት። ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ወንዝ ውስጥ እንደሚከርም አልሰማም ነበር። እሳቸው ካወጡት ላይ ሁለት እፍኝ ዘግነው በነጠላ ቋጥረው ሰጡን። ነጠላውን በሳምንቱ መለስንላቸው። ይህን የምንነግራችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በመኪና ቢሆን ኖሮ ከድልድዩ ላይ በአሥር ሰኮንድ አልፈነው ነበር። እኛ እዚያ ግማሽ ቀን ቆየን። ሻይ ጠጣን፣ እንቁላል ገዛን፣ ጎማ አስነፋን። ገንዘባችን ትንሽ ነው፤ ግን እዚያው መንደር ይቀራል።

ወደ ሐይቁ ሲጠጉ ደንገሉ ይመጣል። ታንኳ የሚሠራው ከሱ ነው። ረግረጉ ላይ ይብራ አለ፤ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል ያለው ረጅም እግር ወፍ አለ፤ በበጋ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡም አሉ። ከመኪና ድምፅ የሚሸሹ ወፎች ሳይክልን ዝም ብለው ያያሉ። ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። በየስብሰባው ስትጠቅሱት እንሰማለን። እኛ ይኸው አገሩን ሳናጮህ፣ ሳናጨስ ልናየው የምንፈልግ ሰዎች ነን። አበው «ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው» ይላሉ። መንገዱ ግን ከእጃችን እያመለጠ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

ማስታወቂያው እንደወጣ ሕግ አክባሪ ዜጎች ነንና ደብዳቤ ፍለጋ ሄድን። የመጀመሪያው ቢሮ «ይሄማ ስፖርት ነው፤ ወደዚያ ሂዱ» አለን። ሄድን። እዚያ የነበሩት ወንድም በትሕትና ተቀብለውን «ክለብ ናችሁ ወይስ ማኅበር?» ሲሉ ጠየቁን። ሁለቱንም አይደለንም፤ ጓደኛሞች ነን አልናቸው። ለጓደኛሞች የሚሆን ፎርም የላቸውም። «ሽርሽር ከሆነ ቱሪዝም ነው» ብለው ሸኙን። ሦስተኛው ቢሮ ቱሪስት ማለት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው አለ። እኛ ከዚሁ ነን። አራተኛው የሳይክሎቻችንን ሰሌዳ ቁጥር ጠየቀን። በዚያ ቀን መሳቃችንን አንደብቅም። ከሳምንት በኋላ ግን ሳቁ ሄደ። ሦስት ሳምንት ተመላለስን። አምስተኛ ቢሮ አልሄድንም፤ ጉልበቱን ለፔዳል ቆጠብነው።

ታዲያ ምን አደረግን? አሥር ሆነን ልንወጣ የነበርነው አምስት አምስት ሆነን፣ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ወጣን። ማስታወቂያውን አላፈረስንም። ነገር ግን ለደኅንነታችን ነው የተባለው መመሪያ በተግባር ያደረገው ቡድኑን ለሁለት መክፈል ነው። የኋለኞቹ ጎማ ፈነዳባቸው፤ ፖምፓው ከፊተኞቹ ጋር ነበር። ስልክ አይሠራም። አንድ ሰዓት ተኩል ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆሙ። በሰላም አልፏል። ቢሆንም ደኅንነት ማለት እንዲህ ከሆነ፣ አሥር ሆነን አብረን ብንሄድ ይሻለን ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን አጥሩ ነው። ከከተማ በስተ ምዕራብ ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጥንት የእግር መንገድ ነበረ። ከብት ይነዳበታል፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይስምበታል፤ እኛም ከአስፋልቱ ሸሽተን በሱ እንሄድ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቦታው ለአልሚ ተሰጥቷል ተባለና መንገዱ በሽቦ ታጠረ። እስከዛሬ አጥሩ ውስጥ የለማው ሣር ብቻ ነው። ሣሩም የጥበቃው በግ ነው የሚበላው። እኛ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ዞረን በአስፋልቱ፣ ከሲኖትራክ ጋር እየተጋፋን እንሄዳለን። ይሄም ቢሆን የኛ ችግር ትንሹ ነው። ውኃ ቀድተው በዚያ መንገድ የሚመለሱ ሴቶችም ያንኑ ያህል ይዞራሉ፤ እነሱ ጀርባቸው ላይ እንስራ አለ።

ከአጥሩ ጎን ያለው ረግረግ ደግሞ በገረጋንቲ እየተሞላ ነው። የቀረው ላይ ባህር ዛፍ ተተክሏል። ባህር ዛፍ ረግረግ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ባለሙያ ከናንተው ቢሮዎች አይጠፋም። አምና ሽመላ የቆመበት ቦታ ላይ ዘንድሮ የኛ ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ይሄዳል። ለሳይክል ደረቅ መሬት ይሻላል ብለን ዝም ማለት እንችል ነበር። ግን እኮ የመጣነው ረግረጉን ልናይ ነው! ለከተማችን የመጠጥ ውኃም ቢሆን ከፊሉ የሚመጣው በዚያው በኩል፣ በእንፍራንዝ ወንዝ አካባቢ ካሉ ምንጮች ነው። ሳይክል ለማይነዳም ሰው ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ሦስተኛው ድልድይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ ሰው የተጎዳበት ስለሆነ።

በአንድ ትንሽ ወንዝ ላይ ከእንጨት የተሠራ ድልድይ ነበር። ካቻምና ክረምት ጎርፍ ወሰደው። ክረምት ድልድይ ቢወስድ አንገረምም፤ ወንዝ ነው። ነገር ግን ክረምቱ ካለፈ ሁለት በጋ ሆኖታል። የአካባቢው ሰው ራሱ ሁለት ግንድ አጋድሞበታል። በግንዱ ላይ ሳይክልን በትከሻ ይዞ መሻገር የሰርከስ ሥራ ነው። ባለፈው ጥር መምህራችን፣ በዕድሜ ስልሳ ሰባት የሆኑት፣ «እናንተ እለፉ፣ እኔ እመጣለሁ» ብለው መጨረሻ ቀሩ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግንዱ ተንከባለለ። ከነሳይክላቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። ውኃው ጉልበት ድረስ ነው፤ ድንጋዩ ነው የጎዳቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። አንድ ገበሬ በሬዎቻቸውን ፈትተው ደርሰውልን፣ ነጠላቸውን ቀደው አሰሩላቸው። «አይዞዎት አያ፣ እኔም አምና እዚችው ላይ ወድቄያለሁ» አሏቸው። ይህችን አነጋገር ልብ በሉልን። ሰውየው በየዓመቱ አንድ ሰው የሚወድቅበት ቦታ እንደሆነ ነው የነገሩን።

መምህራችን እጃቸው ድኗል። ቀድመው ወጌሻ ጋ ሄደው ነበር፤ በኋላ ጤና ጣቢያ ገቡ። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «እኔ ለደስታዬ ነው የተሻገርኩት። በዚያ ግንድ ላይ በየቀኑ ደብተር ይዘው የሚሻገሩት ሕፃናት ግን ምርጫ የላቸውም።» ስለ ድልድዩ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። አንደኛው ማመልከቻ «ታይቷል» የሚል ተጽፎበት ተመለሰልን። መታየቱን አንጠራጠርም።

አራተኛው ከተማው ውስጥ ነው። ባህር ዳር በሳይክል የምትታወቅ ከተማ ናት። አባቶቻችን ሥራ የሚሄዱት በሳይክል ነበር፤ ሚስት ከኋላ፣ ልጅ ከፊት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌትም ቦታ ተሠርቶለታል። ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ስንነዳ ደስ ይለናል፤ ወንዙን ቁልቁል እናያለን። ከድልድዩ ወርደን ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ለብስክሌት ተብሎ የተሰመረው መስመር ላይ ባጃጅ ቆሟል። ከባጃጁ ቀጥሎ የአሸዋ ክምር አለ። ከአሸዋው ቀጥሎ ክዳን የሌለው ቦይ አለ። ነርሷ ጓደኛችን የማታ ተረኛ ሆና ስትመለስ መብራት የለም፤ ቦዩን የምታውቀው በጠረኑ ነው። አንድ ቀን ማንንም ሳታስጠሩ፣ ያለ ሾፌር፣ በሳይክል ሥራ ግቡ። ከዚህ የተሻለ ጥናት አያስፈልጋችሁም።

አምስተኛው ስለ አውቶቡስና ጀልባ ነው፤ አጭር ነው። ሳይክል ፖርቶመጋላ ላይ ለመጫን የሚጠየቀው ዋጋ በረዳቱ ስሜት የሚወሰን ነው። አንዳንዴ ከሰው ዋጋ ይበልጣል። ጀልባ ላይ ደግሞ «አይጫንም» ይሉና ወዲያው ሞተር ብስክሌት ይጭናሉ።

ይህን ሁሉ ስንል ለሳይክል የሚያስብ ወረቀት የለም ማለታችን አይደለም። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። እግረኛና ብስክሌት ቅድሚያ ያግኙ የሚል ነው። ከዘመኑ ከግማሽ በላይ ሄዷል። እኛ ያየነው ለውጥ የኅዳሩ ማስታወቂያ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

ማስታወቂያው ይነሳ። ስለ ጸጥታ ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ የስልክ ቁጥር ስጡን። ስንወጣ ስንት እንደሆንን፣ ወዴት እንደምንሄድ እንናገራለን፤ ስንመለስም «ገብተናል» እንላለን። መንገዱ አስጊ ከሆነ በዚያው ስልክ «ዛሬ ይቅር» በሉን። ይህ ለናንተም ለኛም ከድጋፍ ደብዳቤ ይቀላል።

የታጠረው መንገድ ይከፈት። ቦታው ለተሰጠው ሰው ቦታውን ንጠቁት አላልንም። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ይተውልን። ከብትና እንስራ የሚያልፍበት ስፋት ለሳይክልም ይበቃል። ረግረጉ ላይ ገረጋንቲ መድፋት ደግሞ ዛሬውኑ ይቁም፤ እሱ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም፤ አንዴ ከተሞላ አይመለስም።

ድልድዩ ከሰኔ በፊት ይሠራ። ለመኪና የሚሆን አልጠየቅንም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ፣ መደገፊያ ያለው ይበቃል። የአካባቢው ሰው ድንጋይና ጉልበት እንደሚያዋጣ ነግሮናል። እኛም እናዋጣለን፤ ጎሚስታው ብየዳም ይችላል። ከናንተ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፣ ብረትና አንድ መሐንዲስ ነው።

ከተማ ውስጥ ያለው የብስክሌት መስመር ከባጃጅና ከአሸዋ ይጽዳ፤ ቦዮቹ ክዳን ይደረግላቸው። በአውቶቡስና በጀልባ ሳይክል የሚጫንበት ዋጋ ተቆርጦ ይለጠፍ። ማስታወቂያ መለጠፍ እንደምትችሉ አይተናል።

በመጨረሻም፣ በሐይቁ ዙሪያ አዲስ መንገድ ሲቀየስ ከመቆፈሩ በፊት ጥሩን። ወፉ የት እንደሚያርፍ፣ ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ በየትኛው መንደር ጥላ እንዳለ እናውቃለን። አበል አንጠይቅም።

መልሳችሁን እስከ ፋሲካ እንጠብቃለን። እስከዚያው አምስት አምስት ሆነን እንወጣለን። ፖምፓ ግን ሁለት ገዝተናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በጣና ደቡብና ምዕራብ ዳርቻ የሚነዱ የሳይክል ተጓዦች፣
በተጓዦቹ ስም የጉዞ አስተባባሪዋ

ባህር ዳር፣ የካቲት